ጭቃውም እንደ ሊጡ ቀኑን ይፈልጋል

ከደብረ ማርቆስ የደረሰኝ ደብዳቤ አራት ገጽ ነው። ጸሐፊዋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ባለቤቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆች አሏቸው። በዚያው ግቢ አንድ ቡችላ፣ አንዲት ድመትና 11 ዶሮዎች አብረዋቸው ይኖራሉ። ስሟን ትቼ ደብዳቤዋን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ለተከበሩ እናቴ፤ ሰነፍ መሆን አለመሆኔን እንዲነግሩኝ ነው የምጽፍልዎት። ያለፈውን ሳምንት እንዳለ ላስቀምጥልዎት። ሰኞ ማታ አቦካሁ። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ዶሮዎቹ በአጥር ሾልከው የጎረቤቴን የጎመን መደብ ጨርሰውት አገኘሁ፤ ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አልመለሰችም። ረቡዕ ማታ ሊጡ አልደረሰም፤ እንጀራ ስላለቀብኝ ግን አብሲት ጥዬ ጋገርሁት። ዐይን የሌለው እንጀራ ወጣ፤ ስምንተኛው ላይ ደግሞ መብራት ሄደ። ሐሙስ ድመቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ ባለቤቴ ጋቢ ላይ አራት ልጆች ወለደች። ቡችላችን ቡቺ ዶሮዎቹን እንዳያባርር በር ላይ በአጭር ገመድ እናስረዋለን፤ ዓርብ የዚያችኑ ጎረቤቴን ልጅ እጁን ነከሰው። ጥልቅ አልነበረም። ቡና ዱቄት ነስንሼ በጨርቅ አሰርሁለት፤ ለእናቱ እንዳይናገርም ከረሜላ ሰጠሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ከመስቀል ጀምሮ ያላለቀውን የዶሮ ቤት ሊጨርስ ከጓሯችን አፈር ቆፍሮ ጭቃ አቦካና እስከ እኩለ ቀን አንዱን ግድግዳ መረገ። ከሰዓት በኋላ የእድር ለቅሶ ሄደ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምርጊቱ ተሰነጣጥቆ ግማሹ መሬት ላይ ወድቋል። ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ባለቤቴ ቆሞ አየውና ‹ይህ የሰው ቤት ነው ወይስ የከብት? ውሻውንም ድመቷንም አስወግጂ› አለኝ። ውሻውን ከዘመዶቹ ዘንድ፣ ከደጀን በኩል፣ ያመጣው ራሱ ነበር።

የጀመርሁት እንጂ የጨረስሁት ነገር የለም። ሰፌዱ ግማሽ ነው፤ የጓሮው መደብ ተቆፍሮ ቀርቷል፤ በርበሬው ከነጆንያው ተቀምጧል። ድመቷ ካረገዘች ወዲህ አይጥ መያዝ ስለተወች የአይጥ መርዝ ገዝቼ ጓዳ አስቀምጫለሁ። እውነት ሰነፍ ነኝ? እንስሳቱንስ ላስወግዳቸው?»

ልጄ፣ ከሰኞ አልጀምርም፤ ከዓርብ ነው የምጀምረው። ደብዳቤሽ ሐሙስ እንደደረሰኝ ዓምዱ የሚወጣበትን ቀን ሳልጠብቅ የደወልሁልሽ በዚያች ከረሜላ ምክንያት ነው። እዚህ የምደግመው ሌላዋ እናት ቡና ዱቄት ከማንሣቷ በፊት እንድታነበው ነው።

ውሻ የነከሰው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሳሙናና ውሃ ነው። ቁስሉ በሚወርድ ውሃ ሥር 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል። ልጅ ሲያለቅስ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ሰዓት እያዩ መታጠብ ይሻላል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ቡናም ሆነ አመድ ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ በምራቅ የገባውን በሽታ አያወጣውም። የእብድ ውሻ በሽታ ከተነከሰው ቦታ ተነሥቶ በነርቭ መንገድ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ክትባት ሰውን የሚያድነውም በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ደምበጫ አጠገብ ባደግሁበት መንደር አንድ እረኛ ልጅ ነበር። ቁስሉ ድኖ፣ ሁላችንም ረስተነው፣ ከወር በላይ ቆይቶ ውሃ ሲሰጡት ጉሮሮው እየተናነቀው ይንፈራገጥ ጀመር። እናቱ ዋንጫውን ይዛ በር ላይ የቆመችበት ሁኔታ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ በሽታ ላይ የተከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ያ ልጅ የሞተው ከዚያ ብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነበር፤ የገደለውም የመድኃኒት አለመኖር ሳይሆን «ትንሽ ናት» መባሉ ነው።

በስልክ «ስድስት ቀን አልፎታል፤ አሁን ምን ይጠቅማል?» ብለሽኝ ነበር። ምልክት እስካልታየ ድረስ ዘግይቷል ተብሎ አይተውም፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጁ የመጀመሪያውን መርፌ መወጋቱን ስትነግሪኝ እፎይ አልሁ። አንድ መርፌ ግን አይበቃም። የቀሩትን ቀኖች ሐኪሙ በካርዱ ላይ ጽፎላችኋል፤ አንዱንም አታስቀሩ። ጠበል ልንወስደው ነበር ላልሽኝም፣ እኔም በጠበል የማምን ሰው ነኝ። ውሰዱት፤ ግን መርፌው ይቅደም። እግዚአብሔር በሐኪም እጅም ይሠራል።

ቡቺን ደግሞ እንዳትገድሉት፣ ወስዳችሁም እንዳትጥሉት። በእኛ አገር ውሻ ሰው ከነከሰ ወዲያው ተገድሎ ወንዝ ይጣላል፤ በዚህም ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ ይጠበቃል። በእነዚያ ቀኖች ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ የልጁ ክትባት ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን ያኔ ሐኪሙ ይወስናል። ምግብ ከተወ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ጨለማ ፈልጎ ከተደበቀ ወይም ያገኘውን መናከስ ከጀመረ አትጠጉት፤ ለእንስሳት ክሊኒኩ ወዲያው አስታውቁ። ዐሥሩ ቀን በሰላም ካለፈ ደግሞ አስከትቡት። ውሻ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ከዚያም በየጊዜው ይደገምለታል። ቀኑ እንዳይረሳችሁ አንድ ዘዴ ልስጥሽ፤ ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል። ደመራው በተለኮሰ ሰሞን የውሻውን ካርድ ማየት ልማድ ይሁንላችሁ።

ጎረቤትሽ እውነቱን ስትነግሪያት መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በኋላ አብራሽ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ማምሻውንም ቡና አፍልታ ጠራችሽ። የጎመን ችግኝ ገዝተሽ ውሰጂላት፤ መደቡንም አብረሻት ትከዪ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሳምንትሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የማክሰኞውን ጎመን የበሉት ዶሮዎች ቤት ስለሌላቸው ነው። ቡቺ ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ የሚታሰረው በእነርሱ ምክንያት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ የታሰረ ቡችላ ደግሞ መሸሽ ስለማይችል የቀረበውን ይነክሳል። የቅዳሜው ድካም የዶሮ ቤት ነው፤ የእሑዱ ክፉ ቃልም የወጣው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ከሰባት ቀን አራቱን ያበላሸብሽ አንድ ያላለቀ የዶሮ ቤት ነው። እንስሳቱን ብታስወግጂም ያ ግድግዳ ወድቆ ይጠብቅሻል።

ለምን ሦስት ጊዜ እንደወደቀም ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ባለቤትሽ ቅዳሜ ጧት ያቦካውን ጭቃ ቅዳሜውኑ ይመርጋል። አንቺ ሰኞ ያቦካሽውን ሊጥ ሰኞ ትጋግሪያለሽ? ጭቃም እንደ ሊጥ መብላላት አለበት። ደግሞም «ከጓሯችን ቆፍሮ» ብለሻል፤ የጓሮሽ አፈር ጥቁር ዋልካ ከሆነ ለምርጊት አይሆንም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያንን የበጋ ማሳ ላይ ሁላችንም አይተነዋል። ቀይ አፈር አስመጡ።

አፈሩን ከድንጋይ ለይታችሁ ከምሩትና መሐሉን አጎድጉዳችሁ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ የጤፍ ጭድ በትናችሁ ርገጡት፤ ከዚያ በጆንያ ይሸፈን። በየቀኑ ጥቂት ውሃ እያርከፈከፋችሁ እንደገና ርገጡት። ሳምንት ያህል ሲቆይ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ሽታው ይለወጣል፣ በእጅሽ ስትይዥውም እንደ በሰለ ሊጥ ይሳባል እንጂ አይቆራረጥም። ያኔ ነው ግድግዳ የሚይዘው። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መካከል ተገፍቶ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ትንሽ ቢሰነጠቅ አያስደንግጣችሁ፣ ልስኑ ይሞላዋል። ለመጨረሻው ልስን እበት ቢቀላቀልበት ይጠነክራል፤ ይህን ያየሁት እናቴ በየዓመቱ ቤቷን ስትለቀልቅ ነው።

እንግዲህ ሳምንቱን ለጭቃው እናስተካክለው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አፈሩና ውሃው ይገናኙ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ ዐሥር ደቂቃ ልጆቹ ይርገጡት፤ የስድስት ዓመት ልጅ ጭቃ ርገጥ ሲባል የሚያሳየውን ደስታ ታውቂዋለሽ። ቅዳሜ ጧት ባለቤትሽ የሚጀምረው ከመቆፈር ሳይሆን ከመመረግ ነው፤ እስከ እኩለ ቀን ይጨርሳል፣ ከሰዓት እድር ቢጠራውም የሚጎዳ ነገር የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልስኑ። አሁን ግንቦት ነው፤ ሁለት ቅዳሜ አላችሁ፣ ምናልባት ሦስት። ሰኔ ከገባ ጭቃው አይደርቅላችሁም።

ስለ ቤቱም ጥቂት ልበል። ለ11 ዶሮ ሦስት ካሬ ሜትር ወለል ይበቃል። ጣሪያው ሥር ከነፋሱ በተቃራኒ በኩል መስኮት ተዉና በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፤ ቀዳዳው ጠባብ ካልሆነ ሸለምጥማጥ ይገባል። ቆጡ ከባሕር ዛፍ አጣና ይሁን፤ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር ያህል አስቡላት። ጨለም ባለው ጥግ ጭድ የተነጠፈባቸው ሁለት ወይም ሦስት የእንቁላል ሳጥኖች አድርጉ። በአንድ ገበቴ ደረቅ አመድ አስቀምጡላቸው፤ እየተንከባለሉበት ቅማላቸውን ያራግፋሉ። ዶሮ አብዛኛውን እንቁላሏን የምትጥለው ከቀትር በፊት ስለሆነ እስከዚያ ተዘግተው ይዋሉ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ይለቀቁ፣ ሲመሽ ራሳቸው ቆጣቸውን ፈልገው ይገባሉ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅሽ በሩን ይክፈት፣ ይዝጋ፣ እንቁላሉንም ይሰብስብ። ታናሽየዋ ውሃ ትቀይር።

ከዚያ በፊት ግን ፈንግል አለ። እኔ አንድ ዓመት የሚያምር የዶሮ ቤት ሠርቼ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ በአንድ ሳምንት 14 ዶሮ ቀብሬያለሁ። ቤት ከሸለምጥማጥ ያድናል እንጂ ከፈንግል አያድንም። ክትባቱ ርካሽ ነው፤ አንዱ ዓይነት በዐይን ይንጠባጠባል፣ ሌላው በሚጠጡት ውሃ ይሰጣል። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ስለሚገድለው የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ተጠቀሚ። ዶሮዎቹን ለሁለት ሰዓት ያህል አስጠሚያቸውና ቶሎ ጠጥተው እንዲጨርሱት አድርጊ። ነገ ሂጂ፤ ዶሮ መታመም ከጀመረ በኋላ ክትባት አይደርስም።

የሊጡ ነገር አጭር ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ዓባይ በረሃ በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ በእናንተ ብርድ ሦስተኛውን ቀን ይፈልጋል። እሑድ ማታ አቡኪ፣ ረቡዕ ጋግሪ። ዐይኑን ያጠፋው ስንፍናሽ ሳይሆን ብርዱ ነው።

አልጨረስሁም ያልሽውንም አንድ በአንድ አየሁት። ሰፌድ የክረምት ሥራ ነው፤ ዝናቡ ከቤት ሲያስቀምጥሽ ትሰፊዋለሽ። የተቆፈረው መደብ የሰኔን ዝናብ ይጠብቃል፤ አፈሩ ፀሐይ መምታቱ ደግሞ ጥሩ ነው። አሁን ቀኑ የደረሰው በርበሬው ብቻ ነው፤ ደመናው ሳይከብድ አስጪውና አስፈጪው። እናቶቻችን ለዚህ ሁሉ ወቅት ነበራቸው፤ በጥር የሚሠራውን በሐምሌ አልሠራንም ብለው ራሳቸውን አይከሱም ነበር። አንቺ ግን የዓመቱን ሥራ በአንድ ሳምንት ቆጥረሽ ራስሽ ላይ ፈርደሻል። ሰነፍ አይደለሽም፣ ልጄ። ደክመሻል፤ ሥራውን ሁሉ የምታስበው አንዲት ራስ ስለሆነች ደክመሻል።

የሚቀጥለውን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

ልጄ፣ አንተንም አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ቃል የወጣህ በድመቷ ተናድደህ አይመስለኝም። ሦስት ቅዳሜ የለፋህበት ግድግዳ ሚስትህና ልጆችህ እያዩ መሬት ላይ ወድቆ ስታገኘው ነው፤ ያ ያሳፍራል፣ ያስቆጣልም። ድካምህ እውነተኛ ነው፤ የጎደለህ የጭቃው ቀን ብቻ ነው። «የሰው ቤት ነው ወይስ የከብት» ማለትህን ግን አልወደድሁትም። አያቶቻችን ጥጃውን ከቤታቸው ጋጥ አስረው፣ ትንፋሹ እያሞቃቸው ነው ያሳደጉን፤ ሰው መሆናቸው አልቀነሰም። በሚስትህ አራት ገጽ ውስጥ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንተ የለህም። ቡቺን ያመጣኸው አንተ ነህና ቡቺ ያንተ ይሁን። ጧትና ማታ አብላው፤ የክትባቱን ካርድ ያዝ። ከአጥሩ እስከ ቤቱ ጥግ ሽቦ ወጥረህ የገመዱን ቀለበት አስገባበት፤ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ ጥላም ያገኛል። ከዚያ በር ላይ ማሰር ይቀራል። በግ ስታርድም ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጠው፤ ከውስጡ የሚወጣው ትል በውሻው በኩል ተመልሶ ወደ ልጆችህ ሆድ ይገባል።

ድመቷ የቀረችው ለመጨረሻ ነው፤ ችግርም የላትም። የአይጡን መርዝ ግን ዛሬውኑ ከጓዳ አውጪና ልጅም እንስሳም በማይደርስበት ጉድጓድ ቅበሪው። መርዝ የበላች አይጥ ለያዘቻት ድመትም መርዝ ናት፤ የስድስት ዓመት ልጅ ያለበት ጓዳ ውስጥ መርዝ መቀመጡ ራሱ እንቅልፍ ይነሣኛል። ድመቷ ሥራዋን አልተወችም፤ ወልዳለች። ወተት ከመስጠት ንጹሕ ውሃና የሥጋ ቁርጥራጭ ስጫት፤ ብዙ ትልልቅ ድመቶች የላም ወተት ሆዳቸውን ያሳምማቸዋል። የልጆቿ ዐይን በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይገለጣል። ሁለት ወር ሲሞላቸው ለሚፈልጓቸው ሰዎች ትሰጫለሽ፤ ጎተራ ያለው ገበሬ ዘመድ ከጠፋሽ ጻፊልኝ፣ እኔ ብቻዬን ሁለት ቤት አውቃለሁ።

እስከዚያ ከቁም ሳጥኑ አታንቀሳቅሻቸው፤ በተደጋጋሚ ከተነኩባት እናትየው አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ሌላ ቦታ ትደብቃቸዋለች፣ ያኔ አልጋ ሥር ስትፈልጊ ትውያለሽ። ባለቤትሽ ለጥቂት ሳምንት በሌላ ጋቢ ይደር። እነርሱ ሲወጡ ጋቢውን ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊውና በእንዶድ እጠቢው፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል።